የአቶ ሠረቀብርሃን አጃ ምንም አልሆነም

አቶ ሠረቀብርሃን ጡረታ የወጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ናቸው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጥግ፣ ከአባታቸው በወረሱት ቁራሽ መሬት ላይ ለሁለት ላሞቻቸው መኖ ያበቅላሉ። ወተቱን ባለቤታቸው ወይዘሮ የማርያምወርቅ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወርደው ለደንበኛ ያደርሳሉ። ሰውየው ደግ ናቸው፣ ተጫዋች ናቸው፣ ጎረቤት ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላቸውም፦ «ተሳስቻለሁ» ማለት። መኪና ይነዱ በነበረበት ዘመን እንኳ መንገድ ሲስቱ «በዚህ በኩል አየሩ ይሻላል ብዬ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

ካቻምና ክረምት ሲገባ አጃ ዘሩ። ዘሩን ያመጣችላቸው ነፃነት የምትባል የወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ ነበረች።

«ጋሼ፣ ሳሳ አድርገው ይዝሩት» አለቻቸው። «እዚህ ጉሙ ይተኛል፣ ዛፉም ፀሐይ ይከለክላል። ከተጨናነቀ ቅጠሉ እርጥብ እንደሆነ ይውልና በሽታ ይገባዋል።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ልጅቷ ቁልቁለቱን ወርዳ ሳትጨርስ ዘሩን እጥፍ አድርገው በተኑት። ዩሪያ ማዳበሪያውንም አንዴ ከጨመሩ በኋላ «ይቺ ደግሞ የመንገድ» ብለው ደገሙት። ምኞታቸው ላሞቹ ብቻ አልነበሩም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ሁሉ ቆም ብሎ «ይሄ የማን ነው?» እንዲልላቸው ነው።

አጃውም አላሳፈራቸውም። መስከረም ሲጠባ አጃው ወገብ ደርሶ፣ ጥቁር እስኪመስል ለምልሞ ቆመ። አቶ ሠረቀብርሃን ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ጀርባቸውን ለማሳው ሰጥተው፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሰማይ ሰማይ እያዩ ምስጋና ይጠብቁ ጀመር።

ነገሩን መጀመሪያ ያዩት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ናቸው። ለላሞቹ ጥቂት ሊያጭዱ ገብተው ጣታቸው ቢጫ ሆኖ ወጣ።

«ሠረቀ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአደይ አበባ ብናኝ ነው። ነፋስ አምጥቶት ነው።»

«አደይ አበባ ቅጠል ሰንጥቆ ይወጣል እንዴ?»

«ዝናብ ሲመታው ይታጠባል አልኩሽ።»

ዝናቡ መታው፤ ቢጫው ግን በረታ። ነፃነት ስትመጣ አንዱን ቅጠል በጣቷ አሸት አድርጋ አሳየቻቸው። «ዋግ ነው ጋሼ።»

«ዋግማ የስንዴ ነው።»

«የአጃም አለ። ለመኖ ስለሆነ አሁኑኑ ይጨዱት። መድኃኒት ቢረጭ ላሞቹ ቶሎ ሊበሉት አይችሉም፤ ቢቆይ ደግሞ ቅጠሉ ደርቆ ገለባ ነው የሚቀርዎት።»

ማጨድ! ገና ዘለላው እንኳ ብቅ ሳይል፣ አላፊ አግዳሚው አይቶ ሳይጠግበው! «ትንሽ እንየው፤ ጉንፋን ነገር ነው፣ ይለቀዋል» ብለው ሸኟት። ለሚስታቸውም «ይቺ ልጅ ካንዴላ በቆሸሸ ቁጥር ሞተር ይውረድ የምትል መካኒክ ናት» አሏቸው።

በሳምንቱ እሑድ ቅዳሴ ረፈደባቸው። የረፈደባቸው አጃውን ቆመው ሲያዩ ነው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ሱሪያቸውን ላለማበላሸት ብለው በማሳው መሐል አቋረጡ። ጤዛውና ብናኙ ተለውሰው ምን እንደሠሯቸው ያወቁት ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ መምሬ ዘመንፈስቅዱስ ዝቅ ብለው እግራቸውን ሲያዩ ነው።

«አቶ ሠረቀብርሃን፣ ቤት እያስቀቡ ነው?»

ዝቅ ብለው አዩ። ከጫማቸው እስከ ወገባቸው፣ የነጠላቸው ጥለት ሳይቀር፣ የዛገ ቆርቆሮ መስለዋል።

«አደይ አበባ ነው አባ» አሉ።

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ባላቸውን የማያውቁ መስለው ወደ በሩ አዘገሙ። ፍሥሐ የሚባለው የአጥር ጎረቤታቸው ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ሱሪያቸውን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ዋግ ነው እኮ፣ ሠረቀ። የእኔ አጃ ካንተ አጥር ቀጥሎ ነው።»

ፍሥሐ ያለችው አንዲት ላም ናት። አቶ ሠረቀብርሃን የሰው ሳቅ አልጎዳቸውም፤ ይቺ ቃል ግን ሆዳቸው ገባች። ምሳም አልበላ አላቸው። ሰንበት ሆነባቸው እንጂ ማጭዱን ያኔውኑ ባነሱት ነበር።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ማሳው ውስጥ ነበሩ። ፍሥሐም ሳይጠራ ማጭዱን ይዞ መጣ፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅም ነጠላቸውን አደግድገው ገቡ። አቶ ሠረቀብርሃን እያንዳንዱን እፍኝ ሲጥሉ ያቃስታሉ። ሥር ሥሩን ሲገልጡ ግን፣ ከላይ እንደዚያ ያማረው አጃ ከታች ብርሃን አጥቶ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ሻግቶ ነበር። የሻገተውን ለይተው ጣሉ፤ ከቀረው ላሞቹ እርጥቡን በሉ፣ ሌላውን ፀሐይ ወጣላቸውና ድርቆሽ አደረጉት። ማታውን ደግሞ የፍሥሐን አጨዱ፤ የእሱን ገና ጠርዙን ብቻ ነበር የነካው።

ነፃነት ስትመለስ ባዶውን ማሳ አየች።

«ዘሩ በዝቶ ነበር» አሏት አቶ ሠረቀብርሃን፣ ዘሩ በራሱ ፈቃድ የበዛ ይመስል። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አዎ ጋሼ፣ አንዳንድ ጊዜ ይበዛል» አለች።

አምና ሳሳ አድርገው ዘሩ፤ ቬች የሚባለውን የመኖ ሐረግም ቀላቀሉበት፣ የባሕር ዛፉንም ዝቅተኛ ቅርንጫፎች መለመሉ። አጃው ከመንገድ ሲያዩት ያን ያህል አያስደንቅም፤ ወተቱ ግን ጨመረ። ፍሥሐም ዘር የሚዘራበትን ቀን እሳቸውን ሳያማክር አይቆርጥም።

የቸገረው ነገር፣ አሁን ቅጠል ገልብጠው ሳያዩ ማለፍ አይችሉም። ሰሞኑን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ልጃቸው ሐመልማል ዘንድ ሄደው ደረጃው ላይ ቀሩ። ጥበቃው ወጥቶ ቢያይ፣ አንድ ሽማግሌ የሰው በር ላይ ተንበርክከው ማሰሮ ውስጥ የተተከለ አበባ ይመረምራሉ።

«አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ማንንም። ይሄን የሚያጠጣው ሰው ማታ ማታ፣ ከላይ ከቅጠሉ ላይ ነው አይደል የሚያፈሰው?»

«እ... አዎ፣ የዚህ ቤት ሰው ሲሞን ነው። እንዴት አወቁ?»

«ጥራልኝ እስቲ።»

ሲሞን በነጠላ ጫማ ወጣ። ሐመልማል ከላይኛው ፎቅ «አባዬ፣ ምሳው ቀዘቀዘ!» ብላ ስትጣራ ሁለቱም ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ማሰሮውን መሐላቸው አድርገው፣ ስለ ጤዛ እያወሩ ነበር።