ጋሽ ዓባይነህ ደንበኛ የሆኑ ዕለት

ጂንካ ውስጥ በብዕራቸው የሚተዳደሩ ሰዎች ሁሉ ሥራውን የጀመሩት ከጋሽ ዓባይነህ ጎን ተቀምጠው ነው። ጋሽ ዓባይነህ በንጉሡ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ከሥራቸው ተሰናበቱና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ማዶ፣ በልብስ ሰፊው በዶላሞ በረንዳ ጥግ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ አኑረው ማመልከቻ መጻፍ ያዙ።

መጻፍ የሚችል ወጣት ሥራ ፈትቶ ሲያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። ጠርተው ጎናቸው ያስቀምጡታል። የሚያስተምሩት ፊደል ሳይሆን በፊደል መኖርን ነው። «ጠረጴዛህን ጥላ ያለበት አኑር፤ ባለጉዳይ ፀሐይ ላይ ቆሞ እውነቱን አይነግርህም» ይላሉ። «ለከሳሽ ከጻፍክ ለተከሳሽ አትጻፍ፣ ቢርብህም። የሌላውን ጸሐፊ ሥራ ሰው ፊት አትንቀፍ።» ተማሪው ሲበረታ ደግሞ ጸሐፊ የሌለበት ከተማ አፈላልገው ይሸኙታል። ዳርጌ የተባለው ኦሞራቴ ወርዶ ቤት እስከ መሥራት ደርሷል።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጎናቸው የነበረችው ሽታዬ ናት። ከገዘር በላይ ካለ መንደር የመጣች የአሪ ልጅ ስትሆን፣ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። ወንድሟ ቁርጡን ነግሯት ነበር። ክረምቱ ሳይገባ በጽሕፈቷ ራሷን ካልቻለች፣ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ ጎረቤታቸው ትዳራለች። እሷ ደግሞ ሰውየውን አትፈልገውም።

የመጀመሪያ ደንበኛዋ እትዬ ባዩሽ ነበሩ። ባላቸው ሲሞት የባላቸው ወንድም የእንሰት ጓሯቸውን ይገባኛል አለ። ሽታዬ ነገሩን በአሪኛ ሰምታ በአጭሩ ጻፈችና ለጋሽ ዓባይነህ አሳየች።

«ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ ወሬ?» አሉ ጋሽ ዓባይነህ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ዳኛ ልቡ የሚራራ ነገር ይፈልጋል።» በእጃቸው ጨመሩበት። «በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ እንባዬን እያፈሰስኩ አቤት እላለሁ» የሚል ገባ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ጽፈዋል። ሽታዬም እንዳለ ገለበጠችው፤ እትዬ ባዩሽ አሻራቸውን አኖሩ።

በቀጠሮው ዕለት ማመልከቻው በሸንጎው ፊት ተነበበ፣ በአስተርጓሚም ተነገረ። ሰብሳቢው «ቃልሽ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይደለም» አሉ እትዬ ባዩሽ። «እኔ አላለቀስኩም። ጉልበቴም ለጌታ እንጂ ለሰው አይንበረከክም።»

ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቦታ የሚደፍር ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው እንዳልሰማ ሰው አቀርቅረው፣ ማመልከቻው የራሳቸው ቃል ስላልሆነ ሌላ ይዘው እንዲመጡ አዘዙና አሰናበቷቸው።

ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ያቺ የአሪ ልጅ ያላልሽውን ጽፋ ታስይዝሻለች ተባለ። ከዚያ በኋላ አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ፊቱን ወደ ጋሽ ዓባይነህ ያዞር ጀመር። ሽታዬ ብዕሯን ይዛ ትውላለች፣ ብዕሯን ይዛ ትመለሳለች።

«ሽታዬ፣ ቁልፍ መትከል ላስተምርሽ?» ይላታል ዶላሞ። «ቁልፍ አላልኩም አይልም።»

እሷም ፈገግ ትላለች፤ ዓይኗ ግን ደመናው ላይ ነው። ክረምቱ እየቀረበ ነበር።

ጋሽ ዓባይነህ ለመጣው ሁሉ ጥፋቱ የኔ ነው ሲሉ ሰነበቱ። ሰው ግን ለልጅቷ አዝነው ነው ብሎ አላመናቸውም። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ደምቆ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ተነሡና ዞረው የደንበኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው ጋሼ፣ ቦታ ሳቱ?» አለ ዶላሞ።

«አልሳትኩም። ማመልከቻ ላስጽፍ ነው።» ወደ ሽታዬ ዞሩ። «ጻፊልኝ፣ ልጄ።»

ሽታዬ ወረቀት አነሣች። «ጉዳዩ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

ጉዳዩን በረንዳው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ያነሣው ግን የለም። አንድ ልጃቸው ተገኝ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። ቆስሎ የመጣ ጓደኛው፣ ሲወድቅ አይቻለሁ ብሎ ነግሯቸዋል። ባለቤታቸው ተናኜ ግን የመርዶ ወረቀት ካልመጣ ድንኳን አይተከልም ስላሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅሶ አልተቀመጡም። ለአገሩ ሰው ሁሉ የጻፉት ጋሽ ዓባይነህ፣ ያንን ወረቀት የሚጠይቅ ማመልከቻ መጻፍ አቅቷቸው ነበር።

«በጉልበቴ ተንበርክኬ...» ብለው ጀመሩ።

ሽታዬ ብዕሯን አነሣች። «ተንበርክከዋል፣ ጋሼ?»

«አልተንበረከክሁም።»

«እንግዲያው ምን ልበል?»

ጋሽ ዓባይነህ ሜዳውን አዩ። ከብቶች ይግጡበታል። ተገኝ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብቶቹን ከሚያባርሩት ልጆች አንዱ ነበር።

«ልጄ» አሉ። «ልጄ ተገኝ ሞቷል በይ። ያየ ሰው ነግሮኛል። እናቱ ወረቀት ትፈልጋለች። ሌላ የምጠይቀው የለም።»

ሽታዬ ጻፈች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። የዶላሞ መኪና መስፋቱን አቁሟል።

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው» አሉ ጋሽ ዓባይነህ፤ ፈረሙም። ከዚያ በረንዳው ላይ ወደቆመው ሰው ዞሩ። «የእትዬ ባዩሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ስትጽፍ እንዲህ ነው የምትጽፈው።»

እትዬ ባዩሽ ዳር ቆመው ይሰሙ ነበር። ቀረቡ፣ ጋሽ ዓባይነህም ተጠግተው ቦታ ለቀቁላቸው። ሽታዬ አዲሱን ማመልከቻቸውን ጽፋ፣ አሻራ ከመወሰዱ በፊት ከላይ እስከ ታች በአሪኛ መልሳ ነገረቻቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቆሟት።

«እንሰቱን ባሌ ተከለው አትበይ፤ እኔ ነኝ የተከልኩት።»

አስተካከለችው። እንዲህ አድርጎ መልሶ መንገር ከዚያ ቀን ጀምሮ የበረንዳው ሥርዓት ሆነ። የእትዬ ባዩሽም ጓሮ ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ጸናላቸው።

የሽታዬ ወንድም በግንቦት መጨረሻ ሊወስዳት መጣ። አግዳሚው ሞልቶ ስለነበር ቆሞ ጠበቃት። ሲመሽ ብቻውን ወደ ገዘር ተመለሰ።

ጋሽ ዓባይነህ ግን ማመልከቻውን ባስጻፉበት በዚያ ቅዳሜ ለምሳ ቤታቸው ሲገቡ የማመልከቻውን ግልባጭ ይዘው ነበር። ተናኜ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አነበቡላቸው። ተናኜ እጃቸውን መቀነታቸው ላይ አሳርፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እንዲህ ብለህ ነግረኸኝ አታውቅም» አሉ።

«አላውቅም።»

ምሳው ቀዘቀዘ። ተናኜ ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ሂድ ለእድሩ ዳኛ ንገራቸው» አሉ። «ድንኳኑን ይትከሉ።»