ዓይኔን ጨፍኜ ነበር

የጀመረው ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት የምለው በእናቴ አቆጣጠር ነው፤ በለንደኑ ሰባት መሆኑ ነው። ኬኒንግተን የሚባል ሰፈር ባለ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ሰዎች ጫማችንን በር ላይ ደርድረን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ወለሉ ላይ ተቀምጠናል። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ጀምሮ በየሳምንቱ እሄድ ነበር። ዝምታ ደንብ የሆነበት ቦታ እንደ እኔ ላለች ዓይን አፋር ዕረፍት ነው። ደግሞም፣ ለራስ ሳይሆን ለሌላው መኖር የሚለው የቡድሃ ትምህርት ልቤን ነክቶት ነበር። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መምህራችን ጠና ያሉ እንግሊዛዊት ናቸው። የዚያን ምሽት የሰጡን ማሰላሰያ ቀላል ነበር። ፍጡር ሁሉ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ሞቶ ስለተወለደ፣ አንድ ጊዜ እናታችን ያልነበረ የለም፤ ስለዚህ የምናገኘውን ሁሉ እንደ እናት እንይ፣ አሉን።

በሩ ተከፈተ። የጽዳት ጋሪ ጎማ ሲጮህ ሰማሁና ዓይኔን በትንሹ ገለጥኩ።

እናቴ ናት። የምትሠራበት የጽዳት ኤጀንሲ በቀረች ሠራተኛ ፈንታ ልኳት ኖሯል። የጫማውን ረድፍ ስታይ የጸሎት ቤት መስሏት መሆን አለበት፣ የራሷንም አውልቃ በካልሲ ቆማለች። አማተበች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ። ጋሪው እንዳይጮህ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ስትጎትተው ሰማሁ።

በኋላ ሻይ ስንጠጣ መምህራችን፣ «ያቺ ሴት ጫማዋን አወለቀች እኮ! ያገርሽ ሰው ትመስላለች። ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

«አላውቃትም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው፤ ግን ልመልሰው አልሞከርኩም።

ስወጣ፣ ሳወልቀው ተገልብጦ የነበረው የግራ ጫማዬ ተቃንቶ አገኘሁት። እናቴ የተገለበጠ ጫማ አይታ አታልፍም።

ቤት ስትገባ እራቷን አቀረብኩላት።

«እኚያ ሴትዮ ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«ፍጡር ሁሉ አንድ ጊዜ እናታችን ነበር ይላሉ።»

«ኩሽናችን ያለችው አይጥም?»

«እሷም፣ እማዬ።»

«ውይ! ታዲያ ምነው ወጥመድ ገዛሽላት?» ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ። «እኔንስ አየሽኝ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«እንኳን ጨፈንሽ። ያ ዩኒፎርም አያምርብኝም።»

እራቷን ሳትጨርስ ተነሣች።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ስታስር አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውጭ ይዘንባል።

«አይቼሽ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።» ክሩን ሳብ አደረገች። «ከልጅነትሽ ጀምሮ የውሸት ስትተኚ ሽፋሽፍትሽ ይርገበገባል።»

«እማዬ...»

«ተይው፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል።»

አላውቃትም ማለቴን ልነግራት አልቻልኩም። በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው፤ ትናንት ከአዳራሹ እንደወጣችው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ጎህ እስኪቀድ፣ ከዚያም ለሰው ለመደወል የማያሳፍር ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ። መምህራችን ስልኩን አነሡ።

«ትናንት ጫማዋን ያወለቀችው እናቴ ናት» አልኳቸው፤ ስሜን እንኳ ሳልናገር።