ቢጫው ጨው እና የጅግጅጋ ፀሐይ

ሳምንቱን ሙሉ "ቢጫ ጨው አሳያችኋለሁ" ስል ከርሜ፣ ዛሬ ከክፍሉ መስኮት ላይ ሳነሳው ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ።

ጅግጅጋ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከአይሻ ከተማ የገዛሁትን ቁራጭ ጨው አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ላብራቶሪ ውስጥ በጋማ ጨረር አስመትቶ፣ በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ ላከልኝ። "ብርሃን እንዳይነካው" ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለማሳየት ቸኩዬ ጠዋት ግማሹን ገልጬ መስኮቱ ላይ ተውኩት። የእኛን ፀሐይ ታውቋታላችሁ።

እንደምንም ማስረዳት ጀመርኩ። ጨረሩ ክሎራይዱን ከቦታው ያፈናቅለዋል፤ በባዶው ቦታ ኤሌክትሮን ይገባበታል፤ ጨዉን ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው።

"ቲቸር፣ ይሄማ የቤታችን ጨው ነው" አለች ተማሪዬ ኢፍራህ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

አፍሬ መልሼ ልጠቀልለው ስል "ቆይ፣ ወረቀቱ ውስጥ ያለውስ?" አለችኝ።

ስገልጠው ማር የመሰለ ቢጫ ነው! ብርሃን ኤሌክትሮኑን ከገባበት እንደሚያስወጣው፣ ቀለሙም አብሮት እንደሚሄድ፣ ከዚህ በላይ በምን ላሳያቸው?

ኢፍራህ ራሷ ቢጫውን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ደወል ተደወለ፤ ማንም ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለም።

እስቲ እናንተም ተበላሽቶባችሁ ያማረ ትምህርት ካለ ከታች ጻፉልኝ። ለጓደኛዬ ግን እንዳትነግሩት።