የበረዶ ጣቢያችን

ጣቢያ የምንለው ኮሎምበስ ከተማ፣ ሊንደን ሰፈር ያለውን የኔን ጋራዥ ነው። ስሙን ያወጣው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ላይ፣ ሰው አደጋ ሲደርስበት ወጥታ በምታመጣ ጀልባ ላይ ሠርቷል፤ ይህንንም ሳይነግረን የሚያልፍ ሳምንት የለም። ኮቪድ በገባ በመጀመሪያው ዊንተር፣ በረዶ ሲጥል፣ ከእድራችን አንዱ ኦቤትስ ወዳለው የዕቃ ዌርሃውስ ሥራ ሲሄድ መኪናው ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። መኪና ጎታቾቹ ዛሬ አንደርስም አሉት። የባሌ ወንድም ፒካፑን አስነስቶ፣ ገመድ ይዞ ሄደና አወጣው። በማግስቱ ሌላ ሰው ኮል አደረገ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ የወሰነው ነገር የለም።

ጋራዤ ውስጥ ገመዱ፣ አካፋው፣ የአሸዋው ጆንያና የባትሪው ኬብል ቦታ ቦታቸውን ያዙ። የኔ መኪና ውጭ ማደር ጀመረች። ማን ጠየቀኝ? ማንም! ጠዋት ጠዋት የራሴን መስታወት በረዶ እየፋቅሁ፣ የሱ ፒካፕ እንደ ሙሽራ ጋራዥ ውስጥ ተሸፋፍና ሳያት ደሜ ይፈላል። ባሌ ትራክ ስለሚነዳ ከቤት አይገኝም፤ ስልክ መቀበሉም በኔው ላይ ወደቀ።

የባሌ ወንድም ሕግ አወጣልን። ብቻውን የሚወጣ የለም። ያለ ማስክ ፒካፕ ውስጥ የሚገባ የለም። ዋናው ግን፣ ሳንጠራ አንወጣም። «አሰብም እንዲህ ነበር» ይላል፣ «ጀልባዋ የምትወጣው ስትጠራ ነው። በግምት ከወጣች፣ እሷ እዚህ ስትዞር እዚያ የሚጮኸው ሰው ያልቃል።»

ሕጉ ለአሰብ ሳይበጅ አይቀርም። የኛን ሰው ግን የሚያውቅ ሰው ያወጣው አይመስልም። የኛ ሰው እኮ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ፣ ደውሎ «እንዴት አደርሽ? ልጆች ደህና ናቸው? ባለቤትሽ ከመንገድ ገባ?» ነው የሚለው። በረዶው ኮፈኑ ላይ እየተከመረ የእናቴን ጤና ይጠይቀኛል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኧረ ምንም... ትንሽ ነገር ገጥሞኝ ነበር፤ ብዙም አያስቸኩልም» ይላል። «መጀመሪያ የት እንዳለህ ንገረኝ፣ ሰላምታው የትም አይሄድም!» ብዬ ስንቱ ላይ ጮህኩ። ባለጌ ናት ተባልኩ። ይባል።

ጋሼ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ከስደተኛ ካምፕ ስንመጣ ኤርፖርት የተቀበሉን እሳቸው፣ ግማሻችንን መኪና መንዳት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እኔን ፓራለል ፓርኪንግ ሲያስተምሩኝ ያዩት አበሳ ለጠላትም አይመኙት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሚነርቫ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ኩላሊታቸው ስለደከመ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እጥበት አለባቸው። እናድርስዎት ስንል «እኔ? ሹፌር?» ብለው ይስቁብናል። በዚያው ዊንተር አንድ ቅዳሜ፣ በበረዶው ምክንያት እጥበት ቀርተው ነበር። የሰማነው ሰኞ ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው። እግራቸው አብጧል ተባለ። ማክሰኞም ከቀሩ ልባቸው ሊቆም እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመሃላችን በዚሁ የቀበርነው ሰው ነበረ።

ለማክሰኞ አጥቢያ በረዶው እንደ አዲስ ሲወርድ አደረ። ጠዋት እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነው፤ ልጄ ኪችን ጠረጴዛው ላይ የኦንላይን ክላሷን ከፍታለች። ስልኩ ጮኸ፤ ጋሼ ናቸው። እጄ ሳሙና ስለነበረ ስፒከር ላይ አደረግሁት።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? መብራት አልጠፋባችሁም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እርስዎ እንዴት ነዎት? እጥበት ሄዱ እንዴ?»

«እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ። ልጅቱ ትምህርቷን እየተማረች ነው?» ስለ ልጄ፣ ስለ ባሌ፣ ስለ ባሌ ወንድም ወገብ ሳይቀር ጠየቁኝ። ከዚያ መርቀውኝ ዘጉት።

ልጄ ጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ታየኛለች። «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ኢን ዘ ካር» አለችኝ። መኪና ውስጥ ናቸው ማለቷ ነው። «ዲድ ዩ ሂር ዘ ክሊኪንግ?» ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሽው ወይ ነው የምትለኝ።

ለካ እኔም ሰምቼው ነበር። ከድምፃቸው ሥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር። አራቱንም ፍሬቻ ያበራ መኪና ድምፅ ነው። መልሼ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የት ነው ያሉት?» ብላቸው «ቤቴ ነኝ ልጄ፣ ምነው?» አሉኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አሳዘኑኝ፣ ደግሞም አናደዱኝ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚመጡ እንጃ።

ጋራዥ ስገባ የባሌ ወንድም ሞተር አስነስቷል። ኦቤትስ መንገድ ላይ የቆመ አንድ ልጅ ጠርቶት ሊሄድ ነው። ነገርኩት።

«ቤቴ ነኝ ካሉ ቤታቸው ናቸው» አለ። «ያኛው ጠርቶኛል። እሳቸው አልጠሩኝም።»

«ፍሬቻው እየጮኸ ነው እልሃለሁ!»

«ሄጄ ቤታቸው ተቀምጠው ባገኛቸውስ? ያኛውን ልጅ ምን ልበለው? ፒካፑ አንድ ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ሕግ ሕግ ነው።»

እዚህ ላይ ነው የፈነዳሁት። ማስኬን አውርጄ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። «እሺ፣ እኔ ጠራሁህ! መጠራት አይደል የምትፈልገው? ይኸው፣ እየሰጠምኩ ነው፤ ድረስልኝ! ጋሼ ዛሬ እጥበት ካልደረሱ የምቀብራቸው እኔ ነኝ!»

ስልኩን አወጣ። ከዚያ ለኦቤትሱ ልጅ ደወለና «ሂተሩን አብርተህ እየሞቅህ ቆየኝ» አለው። ለኔ ደግሞ «ማስክሽን አድርጊ፣ ግቢ» አለኝ።

ጋሼ ሲያስተምሩን በበረዶ ሃይዌይ አትውጡ ይሉን ስለነበር፣ ወደ እጥበት ክሊኒካቸው በውስጥ ለውስጡ መንገድ ሄድን። መኪናቸውን ከክሊኒኩ ወዲህ ባለው መታጠፊያ አገኘናት፤ አፍንጫዋን ቦይ ውስጥ ተክላለች። አራቱም ፍሬቻ ሊጠፋ ደርሷል። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። እግራቸው ስላበጠ የጫማቸውን ክር ፈትተውታል። ያንን ክር ሳይ እንባዬ መጣ።

«ለምን መጣችሁ?» አሉን።

«ምነው ቢነግሩኝ ጋሼ?»

«መኪና ያስተማርኳችሁ ሰውዬ፣ ቦይ ገባሁ ብዬ ልንገርሽ?» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ድምፅሽን ብሰማ ይበቃኛል ብዬ ነው የደወልኩት።»

የባሌ ወንድም በሩን ከፈተ። ተሸክሞ ፒካፑ ላይ አወጣቸው፤ የሳቸውን መኪና ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ክሊኒኩ ሰዓታቸው አልፏል ሊል ነበር። ነርሷ ግን እግራቸውን አይታ ወንበር ስባ አስገባቻቸው። በኋላ ወጥታ፣ አንድ ቀን ቢያድሩ ኖሮ እዚህ አታመጧቸውም ነበር አለችኝ። ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የባሌ ወንድም ኦቤትስ ሄዶ ልጁን ጎትቶ ተመለሰ፤ ልጁ ሂተሩን አብርቶ ሙዚቃ እየሰማ ነበር።

በማግስቱ ሕጋችን ተለወጠ። በረዶ ሲጥል መደወል የኛ ሥራ ሆነ። ሰላም ልበላችሁ ብሎ የሚደውል ካለም አድራሻውን ሳናረጋግጥ አንዘጋም። ይህን ያህል ስልክ ለኔ ብቻ ስለበዛ፣ ቀጣዩ ዊንተር ሲመጣ ለጋሼ ሰጠናቸው። መንዳት ትተዋል፤ እጥበት የምናደርሳቸው በየተራ እኛው ነን። ወንበሩ ላይ ተጋድመው፣ አንድ ክንዳቸው ማሽኑ ላይ፣ በሌላው ስልክ ይዘው ኮሎምበስን ሙሉ ሰላም ይላሉ። ከኔ በላይ ቻሉበት። እኔ ስጮህባቸው ቤቴ ነኝ ይሉ የነበሩት ሰዎች፣ ለሳቸው ቦዩን ከነታርጋቸው ይነግሯቸዋል።

በዚያው ዊንተር አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ መኪናዬ ተሽከረከረችና እግረኛ መንገዱ ላይ ወጥታ ቆመች። ምንም አልሆንኩም። ስልኬን አወጣሁ። የጣቢያችንን ሕግ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሰው ላይ ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» አልኩ። «እጥበቱ እንዴት ነበር? እግርዎ ተሻለዎት?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ። እንዲያው ድምፅዎን ልስማ ብዬ...»

«ልጄ» አሉኝ፣ «ፍሬቻሽ ይሰማኛል። የት ነሽ?»