ለፓምፕ ጥገና ምዘና ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ

ከጽጽቃ የወጣሁት ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ በነበረው ዓመት፣ ማሽላ ተወቅቶ ባለቀ ሰሞን፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የምሄደው ሰቆጣ ለእጅ ፓምፕ ጥገና የብቃት ምዘና ልቀመጥ ነበር። ሥራው የባለቤቴ ነበር። እሱ ሲያርፍ፣ ለዓመታት መፍቻ ሳቀብለው መኖሬን የሚያውቁ የወረዳ ሰዎች በጊዜያዊነት ለእኔ ሰጡኝ። ምዘናውን ካላለፍኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። ባለቤቴ የቄስ ተማሪ ስለነበረ ማንኛውንም ነገር የሚያጠናው እንደ ዳዊት ነበር፤ በዜማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እኔም የሥልጠናውን ጽሑፍ እንዲሁ ሸመደድኩት። አርባውን ገጽ ሳልሳሳት እወጣዋለሁ።

በእግር

ቁልቁለቱን ጨርሼ የደረቀውን ወንዝ ስሻገር አያ ካሱን አገኘሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጨው የጫነች አህያ እየነዱ ከገበያ ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ዛፍ ሥር ተቀምጠን የማሽላ ቂጣዬን ተካፈልን። የምሄድበትን ስነግራቸው፣

«እንግዲያው ይህን ንገሪኝ» አሉ። «የእኛ ሰፈር ፓምፕ ሲያድር ጠዋት አርባ ጊዜ ካልወቀጡት ውኃ አይሰጥም። አንዴ ከመጣ ግን ይንዶለዶላል። ምን ሆኖ ነው?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁና «የእጅ ፓምፕ ማለት የከርሰ ምድርን ውኃ በሰው ጉልበት…» ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ዳዊት ድገሚልኝ አላልኩሽም። ስለ ፓምፑ ነው የጠየቅሁሽ።»

«ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይመጣልኝም፣ አያ ካሱ።»

«እንግዲያው ፈታኙ ስንቁን ይዞ ይምጣ።»

እኔም ሳቅሁ። መልሱ ካጠናሁት ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ የት እንዳለ ነው ያጣሁት።

በእሳቸው ሰፈር

ሰፈራቸው በመንገዴ ላይ ስለነበር አብረን ሄደን ከሰዓት በኋላ ደረስን። የውኃ ኮሚቴው መፍቻዎቹን አወጣና ውኃ ሊቀዱ ከመጡት ሴቶች ጋር ቧንቧውን እየተጋገዝን ሳብነው። የታችኛውን ቫልቭ ስፈታ ጎማው ተበልቷል።

ሴቶቹ ኽምጣኛ እንጂ አማርኛ እምብዛም አይናገሩም። ኽምጣኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ለቫልቭ የሚሆን ቃል ግን አጣሁ። «በር ነው» አልኳቸው፤ «ውኃ ሲገባ ይከፈታል፣ ሊመለስ ሲል ይዘጋል።»

እንስራዋን ያስቀመጠች አንዲት ሴት «ማነው የሚዘጋው?» አለችኝ።

ይህ በጽሑፉ ውስጥ የለም። በእጄ ያለውን ቫልቭ ገለበጥሁና አየሁት። «ውኃው ራሱ» አልኩ ቀስ ብዬ፤ «ከላይ ሲጫነው።»

«እንግዲያው ይሄ በር ስለማይገጥም ውኃው ሌሊቱን ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ ያድራላ» አለች።

የአያ ካሱን ጥያቄ መለሰችው። አዲስ ጎማ አደረግንለት፤ እዚያው አደርኩና ጠዋት በሦስተኛው ውቀጣ ውኃው መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ካሱም «ምዘናው እዚሁ አለቀ፤ ተመለሽ» እያሉ በማር የታሸ በሶ አስያዙኝ።

በአይሱዙ

ወደ ሰቆጣ እህል የጫነ መኪና አግኝቼ ሃያ ብር ከፍዬ ጭነቱ ላይ ተቀመጥሁ። የሥልጠናውን ጽሑፍ የያዘውን ደብተሬን አጠገቤ ለነበረች ሙሽራ ሰጠሁና «ካገኘሽው ገጽ ጠይቂኝ» አልኳት። አቧራው ፊታችንን ሲያለብሰው እሷ ትገልጣለች፣ እኔ በራሴ ቃል እመልሳለሁ። ያልመጣልኝን ገጽ ጫፉን እናጥፈዋለን። ተሳፋሪው ሁሉ ዳኛ ሆነ። «አላሳመነችኝም፣ ትድገመው» ይላል የመኪናው ረዳት ሳይቀር። ሰቆጣ ስንገባ የታጠፉት አምስት ገጾች ብቻ ነበሩ። ማታ እነሱን ብቻ ሠራሁ።

ምዘናው

መዛኟ አንድ ፓምፕ አሳየችኝና «እጀታው ቀሏል፣ ውኃም የለም» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እጀታውን ነቀነቅሁት፤ እጄ ላይ ምንም ክብደት አልተሰማኝም። «ከእጀታው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ ተቆርጧል» አልኩ። «እንዴት አወቅሽ?» ስትለኝ ለሴቶቹ እንደማስረዳ አስረዳኋት። ከምሳ በኋላ ስሜ ተጠራና «ብቁ» ተባልኩ።

ቤት

ሐሙስ ጽጽቃ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፦ ከመካከል ሲጠይቁኝ መመለስ የማልችለውን ነገር ገና አላወቅሁትም። ለሌላ ሰው በተራ ቃል ሳስረዳ፣ የጎደለኝ የቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታየኛል።

ጎረቤቶቼ ተሰብስበው «እሱ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ስለ ባለቤቴ ሳወራ ሁልጊዜ ከታመመበት ቀን ጀምሬ እስከ ቀብሩ ነበር የምሄደው። ያን ማታ ግን ከመካከል አንሥቼ፣ አንድ ጫማው የፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆበት በአንድ እግሩ ከወረዳችን ከዝቋላ ቆላ እስከ ቤት ያነከሰበትን ቀን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሌላ ጨመርኩላቸው።