የሞተውን ፍሪጅ ጭኜ ቡሬ

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን ነው፤ የሞተ ፍሪጅ በአይሱዙ ጭኜ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሄድኩት። ዛሬም ገበያ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች «ባለ ቆዳዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እኔ ግን ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ወገቤ ቀጥ ይላል።

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ባለቤቴ ጌትነት አናጢ ነው። ስኳር አለበት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። መድኃኒቱ ደግሞ አመለኛ ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል፣ በረዶ ከሠራም አይሆንም። ስለዚህ የኪራይ ቤት ስንፈልግ ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ «ፍሪጅ አለው ወይ?»

የአያ አላምረው ቤት አለው ተባለ። አያ አላምረው ቡሬ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከተማ ቢገቡም ገጠር ላይ ዛሬም በሬ ያከራያሉ። ቤቱን ሊያሳዩን የመጡ ዕለት ፍሪጁን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይኸውላችሁ፣ ቤቱ ከነፍሪጁ ነው» አሉን። ኪራዩም ከሰፈሩ ሁሉ የሚበልጠው በእሱ ምክንያት ነበር። ተስማምተን ገባን።

ዓመት እንኳን ሳይሞላን አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ፍሪጁ ጭጭ ብሏል። መብራት አለ፣ እሱ የለም። ጌትነት ከኋላው ገብቶ ነካካው፤ ምንም። ወዲያው አያ አላምረው ጋ ደወልኩ።

«በእጅሽ ነው የሞተ» አሉኝ። «በእጅሽ የሞተ ደግሞ ያንቺ ዕዳ ነው።»

«ኧረ አያ፣ እኔ ምን አድርጌው?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ! ደግሞስ የተከራየሽው ቤት ነው። ፍሪጁ ውለታ ነው» አሉና ዘጉት።

ውለታ! በየወሩ የምከፍልበት ነገር መቼ ነው ውለታ የሆነው? ደሜ ፈላ።

ጌትነት ግን ነገር አይወድም። «ተይው የዝና፣ እኛው እናሠራዋለን። ውጡ ቢሉንስ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ።

«ዝም ባለ ቤት ደግሞ አይጥ ይገባል» አልኩት። ሳቀ። ባሌ ሲጨንቀው ይስቃል።

መድኃኒቱን ጎረቤታችን ያለው ጭማቂ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥን። ደግ ሰዎች ናቸው። ግን ሥራ ሲበዛባቸው አንዷ ሠራተኛ ቦታ ለማስለቀቅ ብላ ወደ በረዶ ቤቱ ገፋችው። ስሄድ ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ጤና ጣቢያ ወስጄ ባሳያት ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ አይወጋም፤ ቢቀልጥም አይረባም፣ ጣሉት» አለችኝ።

ሌላ እስካገኝ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር ዋልኩ። ቤት ስገባ ጌትነት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ውኃ በላይ በላዩ ይጠጣል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ባሌ በእጄ ላይ ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ። ካገኘሁት መድኃኒት ከተወጋ በኋላ የቀረውን ነርሷ እንደመከረችኝ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ አኖርኩና እንደገና አያ አላምረው ጋ ደወልኩ።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያከራዩት በሬ ተከራዩ እጅ ላይ ቢሞትስ? እንዲሁ ነው የሚፈርዱ?»

ሳቁብኝ። «በሬማ ቆዳው ይመጣል! ቆዳውን አይቼ እፈርዳለሁ። አንቺ ምን ልታመጪ ነው?»

የምፈልገው እሱን ነበር።

ያደግሁት ከገበዝ ማርያም ወዲያ ገጠር ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ የተከራየው በሬ ታሞ ሞተበት። አባቴ ቆዳውን ገፎ፣ ተሸክሞ ለባለቤቱ ወሰደው። ሰውየው መሬት ላይ ዘርግቶ፣ የዱላ ሰንበር ይኖርበት እንደሆነ አገላብጦ አየ። የለበትም። «ከእኔ ነው የሞተ» አለ፤ ነገሩ አለቀ። በእኛ ዘንድ ቆዳውን ያመጣ ሰው አልሸጠም፣ አልደበቀም ማለት ነው። ቆዳው ላይ በደል ካልተገኘ ኪሳራው የባለቤቱ ነው።

በማግስቱ በርበሬ አራግፎ ባዶውን ወደ ቡሬ የሚመለስ አይሱዙ አገኘሁ። ሹፌሩ ደንበኛዬ ነው። ፍሪጁን በነጠላ ሸፍነን፣ በገመድ አስረን ጫንነው። ጌትነት «አንቺ ሴት፣ አብደሻል» እያለ በአንድ በኩል ያነሳል። ማንኩሳ ላይ ቆመን ሳለ አንዲት እናት የተሸፈነውን አይተው አማተቡና «ነፍስ ይማር፣ ማን ነው የሞተው?» አሉን። «የአያ አላምረው በሬ ነው» አልኳቸው። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

ቡሬ ስንደርስ የአያ አላምረው ግቢ በሰው ተሞልቷል። ለካ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ እሳቸው ኖረዋል! ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ በዳሱ ሥር ተደርድሯል። በሰው ድግስ ላይ ነገር ይዞ መግባት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን የጌትነት የደረቀ ከንፈር ታየኝ። መጥቼ አልመለስም አልኩ። ፍሪጁን አስወርጄ በሩ ላይ አስቀመጥኩና እጅ ነሳሁ።

«አያ፣ ቆዳ አምጪ ብለውኝ ነበር። ይኸው አምጥቻለሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። «ምን ዓይነት በሬ ነው ደግሞ ይሄ?» አሉ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁ፤ ቤቱ ከነፍሪጁ መባሉን፣ ኋላ ውለታ ነው መባሉን። የጌትነትን ሕመም ግን አላነሳሁም።

አንድ ሽማግሌ «እንግዲያ ቆዳው ይታያ!» አሉ። ፍሪጁ ዳሱ መሃል ገባ። ከፈቱት፣ አዞሩት፣ ከሥር ከላይ አዩት። የተሰበረ የለ፣ የተቧጨረ የለ።

አያ አላምረው ፊታቸው ጠቁሮ «ሞተሩን በምን አቃጠለችው?» ማለት ሲጀምሩ፣ ባለቤታቸው እሜቴ ጥሩወርቅ እንጀራ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። ምን እየተባለ እንደሆነ አልሰሙም። ፍሪጁን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ውይ! ይሄ ቅቤዬን እያቀለጠ ያስመረረኝ አይደለም እንዴ? ስንቴ አሠርተነው እምቢ ቢል አይደል ወዲያ ለተከራይ ያልነው?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አያ አላምረው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ሽማግሌው «በሬው ቀድሞም ሲያስል ኖሯል!» አሉ። ያን ጊዜ እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን ሳቁ ወደ እንባ ዞረብኝ፣ ላስቆመው ብል አልቆም አለ።

ቄሱ «ልጄ፣ ለአንድ ፍሪጅ እንዲህ ማልቀስሽ ምነው?» አሉኝ። የባሌን መድኃኒት፣ በረዶ የሠራውን፣ ገንቦውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

አያ አላምረው ደነገጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እልኸኛ ናቸው እንጂ። «ምነው ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ!» አሉና ወደ ቤት ዞረው «የእኛን ፍሪጅ አውጡላት፤ ለበሽተኛው ስል ትውሰድ» አሉ።

ሰው ሁሉ መረቀ። ሹፌሩ ገመዱን አነሳ። ይህን ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ መውሰድ ነበረብኝ። እግሬ ግን አልነቃነቅ አለ።

«አያ፣ ለበሽተኛው ብለው ከሆነ አልወስድም።»

ሹፌሩ «ኧረ አንቺ ሴት!» አለ። ባዶ እጄን ብመለስ ለጌትነት ምን ልለው ነው? ግን ተናገርኩ።

«በምጽዋት የገባ ፍሪጅ ነገ ሲሞት እንደገና ውለታ ነበር ይሉኛል። ባሌ ጤነኛ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለው ሽንኩርት ብቻ ቢሆንም፣ ያከራዩኝ ከነፍሪጁ ነው። ከማን ነው የሞተ? እሱን ይንገሩኝ።»

አያ አላምረው ቀና ብለው አዩኝ። ቄሱን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። ማንም አልረዳቸውም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ በሬ እንደሚዳሰስ የሞተውን ፍሪጅ በመዳፋቸው ዳሰሱትና፣

«ከእኔ ነው የሞተ» አሉ።

እጃቸውን ስሜ፣ የሞተውን እዚያው ትቼ ደህናውን ፍሪጅ ጫንኩ።

አሁንም በእሳቸው ቤት ነን። ጌትነት ደህና ነው፤ መድኃኒቱም በቦታው አለ። አያ አላምረው ሲመጡ «በሬው እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ይበላል፣ ይጠጣል፤ የሞተ ዕለት ቆዳውን አመጣልዎታለሁ» እላቸዋለሁ። ቤት ተከራይተው የሰው ፊት የሚፈሩ ሴቶች ምን ላድርግ ብለው ሲያማክሩኝም መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ከማን እንደሞተ አስነግሩ። ልመናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።