ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

አሶሳ ውስጥ በእኔ እጅ ያላለፈ ኮምፒዩተር የለም፤ ያላለፈ ካለም ገና አልተበላሸም ማለት ነው። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው፤ ግን የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጥ በብሎን መፍቻና በድፍረት ብቻ እዚህ የደረሰ ሰው ትንሽ ቢጎርር ማን ይከለክለዋል? ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ እንደሆነ ሁሌም ያው ነው። ለምን ተንቀራፈፈ ይሉኛል፤ ሞልቶ ነው፣ የልጆቹን ፊልም አጥፉለት እላለሁ። ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ኢንተርኔቱ ለምን እምቢ አለ ይሉኛል፤ ስልካችሁ ከዋይፋይዋ ሳጥን ጋር ታርቋል፣ ሳጥኗ ግን ከውጭው ዓለም ጋር ተኳርፋለች እላለሁ። ሲበራ ጢጥ ጢጥ ብሎ ዝም የሚል ከመጣ ደግሞ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሸት አሸት አድርጌ መልሼ እሰካዋለሁ፤ ሲነሳ ሰው እንደ ጠንቋይ ያየኛል፣ እኔም ላጲሱን ቶሎ ኪሴ እከታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከባምባሲ አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ኮምፒዩተሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሚኒባስ ይዛው መጣች። «ኢንጂነር፣ ሲበራ ደህና ነው፤ ትንሽ ከሰራሁበት በኋላ ግን ራሱ ድርግም ይላል። ቫይረስ ነው አይደል?» አለችኝ። ኢንጂነር ስትለኝ ደስ ስላለኝ አላረምኳትም። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ሳጥኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። እንዳለ፣ ዳንቴሉን ሳላወልቅ ሰካሁትና ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሳጥኑ እየጋለ ሲሄድ ሽታው ቀስ ብሎ ወጣ፤ የተጠበሰ አቧራ፣ ከስሩ ደግሞ ያረረ ስኳር። ዳንቴል ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ ነክረው የሚያሰጡ ሴቶች አሉ። እናቴ አንዷ ነበረች። ወዲያው ያደግኩባት ቡለን ደረስኩ፣ ያውም ያለ ትራንስፖርት።

ቡለን ተማሪ እያለሁ ትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር መጣለት። አንድ! እቃ ቤት የነበረው ክፍል ተጠርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ መስኮቱ በሚስማር ተመትቶ ተሰጠው፤ ጄኔሬተሩ ከውጭ እንደታመመ በሬ እያጓራ እኛ ውስጥ ገብተን ስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀሰውን ቀስት እናያለን። ኃላፊው ከሸዋ ተመድቦ የመጣው ቲቸር ታደለ ነበር፤ የጂኦግራፊ መምህር፣ ቀጭን፣ ኮምፒዩተሩን ከእኛ እኩል የሚፈራ፣ ግን ፍርሃቱን በቁጣ የሚሸፍን ሰው። አቧራ ቫይረስ ያመጣል ብሎ ስለሚያምን ጫማ አውልቀን፣ በር ላይ በተቀመጠው ጀሪካን እግራችንን ታጥበን ነበር የምንገባው። በዚያ ክፍል ደጃፍ የነበረው ጭቃ እስካሁን በእግሬ ጣቶች መሃል ያለ ይመስለኛል። ጉንፋን የያዘው ተማሪ ደግሞ ጭራሽ አይገባም፤ አንድ ሳል የማይለቀው ልጅ ነበረን፣ ዘመኑን ሙሉ ኮምፒዩተር የተማረው በበሩ ስንጥቅ ነው።

እናቴ እትዬ ድንቄ በቡለን የታወቀች ዳንቴል ሰሪ ነበረች። ገበያ ስትሄድ እንኳ የኪሮሽ መርፌዋ ከእጇ አይለይም፣ በከተማው ውስጥ ያለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሁሉ የእሷን ስራ ለብሷል። እናም ኮምፒዩተሩን ማን ያልብሰው ሲባል ሌላ ስም አልተነሳም። እግሯን ታጥባ ገብታ ሳጥኑን እንደ ሙሽራ ልብስ በክር ለካችው፤ ከኋላው ያሉትን ቀዳዳዎች ስታይ ግን ደነገጠች። «ውይ! ይሄን ያህል የሰለጠነ ሰው ሰርቶት እንዲህ ቀዳዳ ይተውበታል? አቧራው በዚህ አይደል የሚገባው?» አለች። ክፍተት እንዳይኖር ለዳንቴሉ የሳቲን ገበር አደረገችለት፣ ከሰራቻቸው አበቦች ትልቁንና የተዋበውን ደግሞ ልክ የውስጡን ሙቀት የሚያስወጣው ፋን ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ሰፋችው። አለቀ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ እየሰራ ሳለ ድርግም ማለት ጀመረ። ቲቸር ታደለ ቫይረሱ ገባ ብሎ ማስነጠስንም ከለከለ፤ ዳንቴሉን ግን ማንም አልጠረጠረም፣ እኔም ጭምር።

ያወቅኩት ጉራዬን ልነዛ ስል ነው። ልጆች ሰብስቤ «ይቺ አበባ የእናቴ ናት» ብዬ መዳፌን ሳሳርፍባት ከቻግኒ አሁን የገባ የአይሱዙ የጋለ ኮፈን የነካሁ መሰለኝ። ለቲቸር ብነግረው «አንተ እግርህን በደንብ ታጠብ!» አለኝ። በዚያው ሰሞን ከዞን እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ፤ ኮምፒዩተሩ የማይሰራ ከሆነ ለሌላ ትምህርት ቤት ሊሰጥ ነው ተባለ። እናቴም ስራዋ ይታይላት ተብሎ ተጠራች።

ነጭ ለብሳ፣ ጎረቤቶቿንም አስከትላ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩ በራ፣ ቲቸር ታደለ በላብ ተጠምቆ ማስረዳት ጀመረ። እኔ ዓይኔ ከአበባዋ አልተነቀለም። የፋኑ ድምፅ እየተጨነቀ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ዝም ብል ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ይወሰዳል፣ ባወልቀው እናቴ በጎረቤቶቿ ፊት ታፍራለች። ተነሳሁና ዳንቴሉን ገፈፍኩት።

«አንተ ልጅ! አበድክ?» አለ ቲቸር።

«ታፍኗል፣ ቲቸር።»

ከእንግዶቹ አንዱ «ኮምፒዩተርም ሳንባ አለው እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ አልሳቀችም። ተነስታ ከሳጥኑ ኋላ ዞረች፣ መዳፏን ፋኑ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ «እውነቱን ነው፣ ይተነፍሳል» አለችና ዳንቴሉን ከእጄ ተቀብላ ወደ አግዳሚዋ ተመለሰች፣ አጣጥፋም ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ኮምፒዩተሩ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ አልጠፋም። እኛው ጋ ቀረ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጥፊ እየጠበቅኩ ነበር። «ቀዳዳው ለካ ለእሱ ነው» ብቻ አለች። በማግስቱ ጀምራ ቤት ለቤት እየዞረች ያለበሰቻቸውን ሬዲዮና ቴሌቪዥኖች በሙሉ በገዛ እጇ አራቆተቻቸው። ሰዎች ማን ነገረሽ ሲሏት «ኢንጂነሩ ልጄ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ለአቅመ ሱሪ እንኳ በቅጡ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስትገባ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት እጇን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ሰደድ ታደርግ ነበር፣ ቤቱ ውስጥ የታመመ ያለ ይመስል።

ባለፈው ክረምት ሞተች። እኔ አላለቀስኩም። ድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ማጉያው ሲጮህባቸው ገመዱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ እግረ መንገዴንም የሁለት ለቀስተኛ ስልክ ሰርቻለሁ። ለቅሶው በኋላ ይመጣብሃል አሉኝ። እስካሁን አልመጣም። ሰው በየቀኑ የሚያመጣልኝ አንድ ሌላ ብልሽት አለ፤ መብራቱ በርቷል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ለእሱ ገመዱን እይ፣ ራሙን አውጥተህ አሸው፣ ነቅለህ ትንሽ አሳርፈው እላለሁ። ራሴን ግን የቱ ጋ ነቅዬ እንደማሳርፈው አላውቅም፤ እሰራለሁ፣ እበላለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ ሰው ይስቃል።

የባምባሲዋ ሴት ኮምፒዩተር እዚያው ፊታችን ድርግም አለ። ዳንቴሉን አውልቄ፣ ፋኑን ጠርጌ ስመልሰው መስራቱን ቀጠለ። «ቫይረስ አይደለም?» አለች፣ ቅር እንዳላት ሁሉ። ከዚያ ዳንቴሉን ደረቷ ላይ ይዛ «እናቴ ናት የሰራችው» አለችኝ። «እንግዲያው ከስሩ አንጥፊው፣ ብቻ ኋላውን አትሸፍኚበት» አልኳት። እየመረቀችኝ ሄደች።

ሱቄ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ የሞተ የኮምፒዩተር ሳጥን አለ። ሆዱ ተቃጥሏል፣ እኔም እንኳ የማላስነሳው፤ ለምን አትጥለውም ይሉኛል። ከእናቴ የልብስ ሣጥን ያገኘሁትን ያን የቡለኑን ዳንቴል ያለበስኩት ለእሱ ነው፣ ትልቋ አበባ ልክ ፋኑ ላይ። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ወንበር ላይ ወጥቼ መዳፌን አበባዋ ላይ አሳረፍኩ፤ እንደ እናቴ ትንሽ ቆየሁ። ቀዝቃዛ ነው። ይሄኛው አይሞቅም። ስለዚህ አላወለቅኩለትም።